ይድነቃቸው ተሰማ እና የአንድ ተማሪዬ ጥያቄ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ኮላ ድባ ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምረው በባዶ እግሩ በቀኝ ክንፍ በኩል ሲሮጥ የሚይዘው አልነበረም። ዛሬ በስፖርት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስተምራል። «ቲቸር፣ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዳይሬክተር አድርገው መደቡኝ» አለኝ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ደብዳቤው ደርሶኛል፤ ቢሮም ሰጥተውኛል። ሥራው ምን እንደሆነ ግን የነገረኝ ሰው የለም። አሠልጣኝ ነኝ? ንብረት ክፍል ነኝ? ወይስ ማልያ ቆጣሪ?» አለኝ።

ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። የምሩን ነበር የሚጠይቀኝ። በስልክ የሚመለስ ነገር አይደለም፣ እጽፍልሃለሁ አልኩት። ይኸው ጻፍኩ። እናንተም አብራችሁ አንብቡት፤ ምናልባት ከመካከላችሁ ነገ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚደርሰው አይጠፋም።

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ሹመት ትልቅ ሹመት ነው። የአትሌቲክስ ዳይሬክተር የሚሉት ሰው አሠልጣኝ ይቀጥራል፣ ያሰናብታል፣ በጀት ይይዛል፣ ተማሪው ትምህርቱን ጥሎ ኳስ ብቻ እንዳይከተል ይቆጣጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1972 ወዲህ ደግሞ በስፖርቱም ሴት ተማሪዎች እኩል ዕድል እንዲያገኙ ሕግ ያስገድደዋል። እኛ ዘንድ የስፖርት ኃላፊ ማለት ብዙ ጊዜ ቁልፍ ያዥ ነው፤ የኳስ መጋዘን ቁልፍ። ሲከፍቱት ሁለት የተነፈሰ ኳስ፣ አንድ የተቀደደ መረብና አንድ ፊሽካ ይገኛል። ስለዚህ ልጁ ግራ ቢገባው አይገርምም።

እኔ ግን በኛ አገር ይህን ሥራ ቀድመው የሠሩትን፣ እንዲያውም ቢሮው ሳይኖር ቢሮውን የፈጠሩትን ሰው አውቃለሁ። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አልነበሩም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ሥራውን ሲጀምሩ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር ገና የለም። የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ ደግሞ በ1954 ተከፈተ። (እሱም ቢሆን የዚህ የኛ የደምቢያ ሜዳ ወባ የወለደው ነው። ሕዝቡን የፈጀው ወረርሽኝ ነው መንግሥትን ያነቃው፤ የመጀመሪያዎቹ የጤና ተማሪዎችም ለልምምድ ከመጡባቸው ቦታዎች አንዱ የኮላ ድባ ጤና ጣቢያ ነው። ይህን ለሌላ ጊዜ እንጽፈዋለን።) ይድነቃቸው የስፖርት ጽሕፈት ቤት ብለው የተነሱት ከዚህ ሁሉ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ነው።

ከልጅነታቸው እንነሳ። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዕለት ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ባለቅኔው፣ ዘፋኙ። አጼ ምኒልክ ጀርመን ልከዋቸው የመኪናን ነገር ሲማሩ፣ እግረ መንገዳቸውን ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀርጸው የተመለሱት እሳቸው ናቸው። ለልጃቸው የተላለፈው ዜማው አልነበረም፤ አዲስ ነገር ሲያዩ ለአገሬ ይበጃል ብሎ ይዞ መምጣቱ ይመስለኛል። አባትየው ሸክላ ይዘው መጡ፤ ልጅየው ደንብ።

ይድነቃቸው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን ሲመሠርቱ እሳቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ናቸው፤ ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች አንዱ ሆኑ። ወራቱን ልብ በሉ። ጣሊያን ድንበር ጥሶ ገብቷል፣ በሰሜን ጦርነት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ልጆች የኳስ ቡድን ያቋቁማሉ። ጥቂት ወር ቆይቶ ከተማዋ ተያዘች።

በወረራው አምስት ዓመት ስፖርት ቆመ ማለት አይደለም፤ በዘር ተከፈለ እንጂ። የፋሺስቱ አስተዳደር የአገሬው ልጅ ከነጭ ጋር እንዳይጫወት ከለከለ፤ ሐበሻው ከሐበሻ ጋር ብቻ ይግጠም ተባለ። የጊዮርጊስን ስም እንኳ አንስተው «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሉት። ይድነቃቸው ከ14 እስከ 19 ዓመታቸው የኖሩት በዚህ ውስጥ ነው። ወጣት ሲሆኑ፣ ጉልበት ሲሞላቸው፣ ሜዳ ላይ ማን ከማን ጋር መጫወት እንደሚችል የሚወስን ሰው ሌላ ነበር። በኋላ ካርቱም ላይ የሆነውን ስነግራችሁ ይህችን አስታውሱልኝ።

ነጻነት ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1944 የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ የገጠሙት ቡድኖች አምስት ናቸው፦ ሐበሾቹ ጊዮርጊስ፣ ጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ አርመኖቹ አራራት፣ ግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዙ ነው። እስቲ አስቡት፤ ትናንት የተገዳደለ ሕዝብ ዛሬ በአንድ ሜዳ ላይ፣ በአምስት ቋንቋ እየተሰዳደበ። ዳኛ ፊሽካ ሲነፋ ለምን እንደነፋ በየትኛው ቋንቋ ያስረዳል?

ይድነቃቸው ያደረጉት ነገር የእግር ኳስን ሕግ ወደ አማርኛ መመለስ ነው። አርባ ዓመት ከዘለቀው ሥራቸው ሁሉ እኔ ከፍ አድርጌ የማየው ይህን ነው፤ ብዙ ሰው ግን በአንድ መስመር ያልፈዋል። ያን ጊዜ ራሳቸው ተጫዋች ናቸው፤ ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውተዋል፣ ለብሔራዊ ቡድንም ተሰልፈዋል። ግብ የሚያገባ ሰው ቁጭ ብሎ አንቀጽ በአንቀጽ ሕግ ይተረጉማል ወይ? አጨብጫቢ በሌለበት፣ በመብራት?

እኛ ልጆች ሆነን ፍጹም ቅጣት ምትን «ሪጎሬ» ነበር የምንለው፤ ኳስ በእጅ ሲነካ «ማኖ!» ብለን እንጮሃለን። ጣሊያን ሄዶ ቃሉ ቀርቶ ነበር። ትርጉሙን ሳናውቅ በሰው ቋንቋ እንጣላለን። ደንብ በገዛ ቋንቋህ ሲጻፍ ግን ልዩነት አለው፤ አንብበህ መከራከር ትችላለህ። «ዳኛው ነው ያለው» ሳይሆን «እዚህ ላይ ተጽፏል» ትላለህ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም።

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ዕድሜው ያለፈ ልጅ አሰልፌአለሁ። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ የፈረምኩትም እኔ። ልጁ በፍጻሜው ሁለት ግብ አገባ። ዋንጫውን ይዘን በአይሱዙ ላይ እየጨፈርን ኮላ ድባ ገባን፣ ወላጅ ሁሉ መንገድ ላይ ወጥቶ እልል አለ። ለእሱ ቦታ ብዬ ያስቀረሁት ልጅ ግን ነበረ፤ ዕድሜው ትክክል፣ ኳሱ መካከለኛ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ አልመጣም። ዛሬ አራሽ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሳገኘው ከወንበሩ ተነስቶ ሰላም ይለኛል፣ ሽምብራ ስገዛው መርቆ ይሰጠኛል። ስለ ኳስ ግን አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ዋንጫው የት እንደደረሰ አላውቅም፤ ያን ቅጽ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ታዲያ ስለ ይድነቃቸው ሳስብ የሚከነክነኝ ለዚህ ነው። የስፖርት አለቃ ሥራ ከሁሉ በላይ ማን ሜዳ ይገባል፣ ማን አይገባም በሚለው ወረቀት ላይ መፈረም ነው። እኔ ለዋንጫ ስል ፈረምኩ።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ኢትዮጵያ ፊፋ የገባችው በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። የኦሎምፒክ ኮሚቴውም ተቋቁሞ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረብን፤ ማሞ ወልዴ ያን ጊዜ ነው ገና በወጣትነቱ የተሰለፈው። በነዚህ ሁሉ ጀርባ ደብዳቤ የሚጽፉት፣ ማመልከቻ የሚሞሉት፣ በፈረንሳይኛ የሚከራከሩት ይድነቃቸውና ጥቂት ባልደረቦቻቸው ነበሩ።

ከዚያ የካቲት 1949 ዓ.ም. መጣ፤ ካርቱም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚመሠረተው፣ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም የሚካሄደው እዚያ ነው። መሥራቾቹ አራት ናቸው፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ደቡብ አፍሪካና ኢትዮጵያ። አራት አገር፣ ሁለት ግማሽ ፍጻሜ፣ አንድ ፍጻሜ። ቀላል ሒሳብ። ኢትዮጵያ የምትገጥመው ደቡብ አፍሪካን ነበር። የደቡብ አፍሪካው ተወካይ ፍሬድ ፌል ታዲያ ቡድናችን ወይ ነጭ ብቻ ነው ወይ ጥቁር ብቻ፣ ምረጡ አለ። ቅይጥ ማምጣት በአገሩ ፖሊሲ አይቻልም። የተቀሩት ሦስቱ አይሆንም አሉ፤ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች።

ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስነግር ተማሪ ሁሉ ያጨበጭባል። እኔ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ እጨምርላቸዋለሁ፦ ደቡብ አፍሪካ በመውጣቷ የተጠቀመው ማነው? እኛ ነን። ኢትዮጵያ አንድም ጨዋታ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። መርሕም ጠበቅን፣ ፍጻሜም ገባን። በዚያ ቀን እምቢ ማለት ምንም አላስከፈለንም።

(ፍጻሜው ላይ ግን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። አራቱንም ያገባው መሐመድ ዲያብ ኤል አታር ነው፤ ቅጽል ስሙ ደግሞ «አድ ዲባ»። አንዱ ተማሪዬ ይህን ሲሰማ «ቲቸር፣ ስሙ ድባ ከሆነ የኛ ሰፈር ልጅ ነው፤ ለምን አገባብን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።)

በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ የተደረገው ሁለተኛው ዋንጫ ለኛ ከዚያ የተሻለ አልነበረም፤ እለፉት። ሦስተኛው ግን አዲስ አበባ ላይ ሆነ፤ አሠልጣኙም ይድነቃቸው።

ጥር 1954 ዓ.ም. ነው። ጎንደሬ ስለሆንን በጥምቀት እንቁጠረው፦ ከጥምቀት በፊት ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን፤ ፍጻሜው ጥር 13 ሆነ፣ ታቦታቱ ገብተው፣ ቃና ዘገሊላ አልፎ በማግስቱ። ተጋጣሚው ያው ግብፅ ነው፤ ያን ጊዜ የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ ይባል ነበር። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። ተክሌ ኪዳኔ አንዱን መለሰ፤ ሁለተኛውን ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ካፒቴኑ ሉቺያኖ ቫሳሎ። በጭማሪ ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ፣ ከዚያ መንግሥቱ ወርቁ። 4 ለ 2። ንጉሡ ዋንጫውን ለሉቺያኖ ሰጡት።

ሉቺያኖን ልብ በሉት። የአስመራ ልጅ ነው፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር። ወረራው ያመጣው ወታደር ልጅ፣ ወረራው ከነጭ ጋር እንዳይጫወቱ ለከለከላቸው ሰው ቡድን ካፒቴን ሆኖ የአፍሪካን ዋንጫ ተቀበለ። ካርቱም ላይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሚለውን አልቀበልም ያለ ሰው፣ አምስት ዓመት ቆይቶ ያሰለፈው ቡድን ይህ ነበር። ስለ ዘር ያላቸውን አቋም ለማወቅ ንግግራቸውን መፈለግ አያስፈልግም፤ የዚያን ቀን አሰላለፍ ማየት ይበቃል።

ከዚያ ወዲያ ይህን ዋንጫ ዳግመኛ አላገኘነውም። ይህንም ታውቃላችሁ።

እንግዲህ መርሕ የሚያስከፍልበት ዘመን ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን እ.ኤ.አ. በ1961 አገደ። ፕሬዚዳንቱ ሰር ስታንሊ ራውስ ግን በ1963 ራሳቸው ሄደው ጎብኝተው እገዳው ተነሳ። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ያቀረቡት መፍትሔ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ለ1966 የዓለም ዋንጫ ነጭ ቡድን እንልካለን፣ ለ1970 ደግሞ ጥቁር ቡድን። ተራ በተራ! ካርቱም ላይ የተባለው ነገር ነው፣ ቀን ተጨመረበት እንጂ። በ1964 ቶኪዮ ላይ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ተባብረው እገዳውን መለሱት።

በዚያው ሰሞን ሌላ ጉዳይ ተነሳ። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጋራ የሰጠው አንድ ቦታ ነው። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያው አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ነው የሚያልፈው። የጋናው ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው ይህን ተቃወሙ፤ ለአፍሪካ የራሷ ቦታ ካልተሰጣት አንጫወትም አሉ። አፍሪካም በሙሉ ከማጣሪያው ወጣች። ፊፋ ቀጣ። ቦታውን ሰሜን ኮሪያ ወሰደች፤ ሄዳም ጣሊያንን አሸንፋ ሩብ ፍጻሜ ገባች። መንግሥቱ ወርቁ፣ ሉቺያኖ፣ የጋናዎቹም እነዚያ ምርጥ ልጆች፣ በዕድሜያቸው አበባ ላይ ሆነው ቤታቸው ቁጭ ብለው በሬዲዮ ሰሙት። በ1970 ለአፍሪካ የራሷ ቦታ ተሰጣት፤ ሞሮኮ ሄደች። ለሞሮኮ በር የተከፈተው ሌሎች እቤት ስለቀሩ ነው።

በ1964 ዓ.ም. ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ 15 ዓመት በዚያ ወንበር ላይ ቆዩ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለውም የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነዋል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ካይሮ፣ እሳቸው አዲስ አበባ። በመካከል አገራቸው ተገለባበጠች፤ ንጉሥ ወርዶ ደርግ መጣ። እሳቸው በሁለቱም ዘመን ሥራቸው ላይ ነበሩ። ይህ እንዴት እንደተቻለ ስንነጋገር አንዳንድ ጓደኞቼ «አድርባይ ቢሆኑ ነው» ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ውጭ አገር የተከበረን ሰው ማንም መንግሥት ቶሎ አይነካውም፤ ደግሞም የሚሠሩት ሥራ ሌላ የሚችለው ሰው አልነበረም። ሁለቱም ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

በ1966 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ላይ ራውስ በብራዚላዊው ዡዋው አቬላንዥ ተሸነፉ፤ የአፍሪካ ድምፅ በዚያ ምርጫ ላይ ትልቅ ድርሻ ነበረው። አዲሱ ሰው ለአፍሪካ ብዙ ቃል ገብቶ ነው የተመረጠው። የዓለም ዋንጫ ቦታችንም ለ1982 ሁለት ሆነ። አቬላንዥ በኋላ በገንዘብ ነገር ስማቸው ሲነሳ ሰማን፤ ይድነቃቸው ይህን ለማየት አልቆዩም።

አሁን ወደሚያመኝ ክፍል ደረስኩ፤ ሐምሌ 1968 ዓ.ም.፣ ሞንትሪያል። የኦሎምፒኩ መክፈቻ ዋዜማ ላይ በዚያችው ከተማ የፊፋ ጉባኤ ተቀምጦ ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ አባረረ። ካርቱም ላይ ከተጀመረ 19 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ድል ነው። በዚያው ሰሞን ግን የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካን በመጎብኘቱ፣ ኒው ዚላንድ ካልታገደች ብለው ከ20 የሚበልጡ የአፍሪካ አገሮች ኦሎምፒኩን ጥለው ወጡ። ኢትዮጵያም አንዷ ነች።

ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር ያን ጊዜ ጫፍ ላይ ነበር። ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝቷል፤ 5 ሺውን ግን ማጣሪያው አምልጦት ሳይሮጥ ቀርቷል። አራት ዓመት ሙሉ የጠበቀው ሞንትሪያልን ነው። ሳይሮጥ ተመለሰ። የሮጠውማ ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ነው፤ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ።

ውሳኔው የመንግሥታት ነበር፣ የአንድ ሰው አይደለም። ይሁን እንጂ ስፖርትና የዘር መድልዎ አብረው አይሄዱም ብለው ለሃያ ዓመት ከተሟገቱት ሰዎች መካከል ይድነቃቸው ከፊት ናቸው። ሐሳባቸው ሲያሸንፍ ያጨበጨብን ሰዎች፣ ያው ሐሳብ ምሩጽን ሲያስከፍለው ስማቸውን ከዚያ ማውጣት የለብንም። እኔ ራሴን እጠይቃለሁ፦ ቢሮ ውስጥ ሆኜ ያን ልጅ ፊት ለፊቴ አቁሜ «አትሮጥም» ማለት እችል ነበር ወይ? ዕድሜ ላለፈ ልጅ ስል ቅጽ የቀየርኩ ሰው ነኝ። አልችልም ነበር።

ምሩጽ በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ 10 ሺህንም 5 ሺህንም ወሰደ። እግዜር ካሰው እንላለን። በ1976 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ የቀሩትን ግን የካሳቸው የለም፤ ያ መቅረት ደግሞ ከአፓርታይድ ጋር አይገናኝም፣ ከሶቪየት ጋር ተሰልፈን የቀረንበት ነው። ሁለቱ መቅረቶች በአንድ ስም «ቦይኮት» ይባላሉ፤ ለእኔ ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ ራሳችን ጉዳይ የከፈልነው ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሰው ጠብ።

ይድነቃቸውን ፍጹም አድርጌ እየሳልኩ አይደለም። በእሳቸው ዘመን ካፍ በአፍሪካ ዋንጫ ላይ አንድ አገር ከውጭ የሚጫወቱ ልጆቹን ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ የሚል ደንብ ነበረው፤ እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ቆየ። የታሰበው ተጫዋቹ እየተነቀለ እንዳይሄድ፣ የአገር ውስጡም ኳስ እንዳይሞት ነው። ሐሳቡ ይገባኛል። ግን አውሮፓ ሄዶ እንጀራውን ያገኘን ልጅ ለአገርህ አትጫወት ማለት ደግሞ ሌላ ዓይነት በር መዝጋት ነው። ደንብ የሚወድ ሰው አንዳንዴ በደንቡ ብቻ ወንዝ የሚገድብ ይመስለዋል።

በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ስናዘጋጅ ፕሬዚዳንቱ የኛው ሰው ናቸው፣ ሜዳውም የኛ። ኢትዮጵያ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች፤ ዋንጫውን ሞሮኮ ይዛ ሄደች። ብዙ ሰው ይህን እንደ ውድቀት ይቆጥረዋል። እኔ ለተማሪዬ ልነግረው የምፈልገው ግን ይህንኑ ነው፤ ወንበሩ ላይ የራስህ ሰው ተቀምጦ ቡድንህ በሜዳህ ከተሸነፈ፣ ሰውየው ወንበሩን ለአንተ አልተጠቀመበትም ማለት ነው።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ አረፉ። የቡሄ ዕለት ነው፤ ልጆች ጅራፍ የሚያጮኹበት፣ ሙልሙል የሚለምኑበት። በእንቁጣጣሽ ተወልደው በቡሄ ሄዱ። ደቡብ አፍሪካ ስትለወጥ አላዩም። በ1992 እ.ኤ.አ. ወደ ካፍ ተመለሰች፤ በ1996 የአፍሪካን ዋንጫ አዘጋጅታ ነጩም ጥቁሩም አብሮ ተሰልፎ ዋንጫውን ወሰደች። እኛ ደግሞ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በ2013 ነው። የት አገር ላይ? ደቡብ አፍሪካ። ያን ቀን ኮላ ድባ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለበት ቡና ቤት ሁሉ እስከ በሩ ሞልቶ ነበር፤ እኔ ቆሜ ነው ያየሁት፣ አጠገቤ ቢጫ ማልያ የለበሰ ሽማግሌ ነበሩ።

እና ልጄ፣ «ሥራዬ ምንድን ነው» ላልከኝ፦ ሰኞ ጠዋት ስትገባ የመጋዘኑን ቁልፍ ከመቀበልህ በፊት የውድድር ደንቡን አምጡልኝ በል። ከሌለ አንተ ጻፈው፤ ተማሪው በሚያነበው ቋንቋ ጽፈህ በሩ ላይ ለጥፈው። የሴቶቹ ቡድን ስም ዝርዝር የት እንዳለ ጠይቅ፤ «ዘንድሮ የለም» ካሉህ ለምን እንደሌለ በጽሑፍ ይስጡህ። ቃለ ጉባኤ ያዝ። አንድ ቀን ጥሩ ኳስ የሚጫወት፣ ተማሪ ያልሆነ ልጅ ይዘውልህ ይመጣሉ፤ መታወቂያ እናወጣለታለን ይሉሃል፣ የሚሉህም ከአንተ በላይ ያሉ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ያን ቀን ደውልልኝ። እኔ ምን እንዳደረግሁና ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ በዝርዝር እነግርሃለሁ፤ ሽምብራ ሻጩንም አስተዋውቅሃለሁ።

በመጨረሻ እናንተን አንድ ነገር ልለምን። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ስታዲየም የነበረ፣ ወይም ጨዋታውን በሬዲዮ የሰማ አባት ወይ አያት ያላችሁ፣ እባካችሁ ጠይቋቸውና ከታች ጻፉልኝ። ፎቶ ካለም ላኩ። ለዘጠነኛ ክፍል ልጆቼ ግድግዳ ላይ የምሰቅለው እፈልጋለሁ፤ እስካሁን ያለኝ አንድ የደበዘዘ የጋዜጣ ቅጂ ነው፣ ሉቺያኖም አይታይበትም።